መስመሩ ሲቆረጥ ግቢው ውስጥ ምን ይቀራል?

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሠራ የማይታይ፣ ሲቆም ብቻ የሚታወስ አንድ ክፍል አለ፤ አይሲቲ። ተማሪው ውጤቱን በስልኩ ሲያይ፣ የምግብ ካርዱ ካፌ በር ላይ ሲነበብ፣ መምህሩ የላቡን ኮምፒውተር ከፍቶ ሲያስተምር የዚያን ክፍል ስም የሚያነሳ የለም። «ሲስተም የለም» የተባለ ዕለት ግን ቢሮው የት እንደሆነ ሁሉም ይጠያየቃል። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» ሲባል ሰው አጉረምርሞ ይሄድና ነገ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲባል ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ በተለይ ዩኒቨርሲቲው ያለው መካነ ሰላም ከሆነ።

መካነ ሰላም የደቡብ ወሎዋ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ደጋውን አቋርጦ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው የሚደረስባት። ከእሷ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። «አራተኛው ትውልድ» ከሚባሉት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓሱ እዚህ ነው፣ ሌላው ቱሉ አውሊያ። እንዲህ ባለ ቦታ ምሰሶ ሲወድቅ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ወይም ከላይ «ይቋረጥ» ሲባል ወዲያው የሚተካ ሁለተኛ መስመር ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአንድ አይሲቲ ክፍል ጥንካሬ በኢንተርኔቱ ፍጥነት ሊለካ ይችል ይሆናል። ደጋው ላይ መለኪያው ሌላ መሆን አለበት፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን በዚያ ግቢ ውስጥ ምን ይከፈታል?

ጥያቄው ከምናብ የመጣ አይደለም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ አንስቶ አንድ ዓመት ገደማ አብዛኛው የክልሉ ሕዝብ ያለ ሞባይል ዳታ ኖሯል። የኢትዮጵያ ተማሪ ኢንተርኔት ማለት ደግሞ በአመዛኙ የሞባይል ዳታ ነው። በዚያው ሐምሌ፣ አዋጁ ከመታወጁ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ፣ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ ያላለፈ ዲግሪ የለውም። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከመንግሥትም ከግልም ተቋማት ተፈትነው ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ቀጣዮቹ ዙሮች የካቲት እና ሰኔ 2016 ሲመጡ የአማራ ክልል ተማሪ ስልክ አሁንም ጨለማ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። በ2009 እና በ2011 ይህችው አገር ብሔራዊ ፈተና እንዳይሰረቅ ብላ ኢንተርኔት ዘግታለች። በ2016 ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከፊሉን በኦንላይን ሰጠች። በሰባት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ኢንተርኔት ከፈተና ጠላትነት ወደ ፈተና አዳራሽነት ተቀየረ። ለውጡ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን አዳራሹን የሚጠብቀው፣ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው፣ ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ሲጠፋ ሮጦ የሚመጣው ያ ስሙ የማይነሳ ክፍል ነው። አራት ዓመት የተማረ ልጅ ዕድል በእነዚያ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ውስጥ በአንድ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ይንጠለጠላል።

ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችም ጭምር፣ አይሲቲና ኢንተርኔትን አንድ አድርገው ያያሉ። ኢንተርኔት ከሌለ ክፍሉ ሥራ የለውም፤ ባለሙያው ከኢትዮ ቴሌኮም መልስ እየጠበቀ ሻይ ይጠጣል። ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል።

በአንድ ዶርም የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎች ሃንድአውት ሲላላኩ ምን እንደሚሆን እንመልከት። በአልጋቸው መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሜትር ነው። በቴሌግራም ከተላላኩ ግን ፋይሉ ከመካነ ሰላም ተነስቶ አገር ለቅቆ ይወጣል፣ ባሕር ማዶ አንድ ሰርቨር ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ሁለት ሜትር ላይ ላለው ልጅ ይደርሳል። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ተኝተው ፋይል መላላክ አይችሉም። ተማሪዎቹ ይህን ችግር ማንም ሳያስተምራቸው ፈትተውታል። ዜንደር ይከፍቱና ከስልክ ወደ ስልክ ያሻግሩታል፤ አንድ ሳንቲም ዳታ አይበላም። ፍላሽ ያለው በፍላሽ ይገለብጣል። ከአንድ ብሎክ ወደ ሌላው ብሎክ አንድ የፈተና ጥያቄ ስብስብ በአንድ ምሽት ይዳረሳል።

የአይሲቲ ክፍሉ ማድረግ ያለበት ተማሪው በዜንደር የሚሠራውን በግቢ ደረጃ መሥራት ነው። ካምፓሱ ውስጥ የተዘረጋው ኬብልና ዋይፋይ ከውጭው ዓለም ጋር መገናኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርስ በርሱ መገናኘቱ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። አንድ ሰርቨር ግቢው ውስጥ ካለና መብራት ካገኘ፣ በዚያ ዋይፋይ ክልል ውስጥ ያለ ማንኛውም ስልክ በላዩ ላይ ያለውን ያነባል፤ ያለ ዳታ፣ ያለ ካርድ። ለዚህ የሚሆኑት ሶፍትዌሮች ደግሞ በነፃ የሚገኙ ናቸው። ሙድል የተባለው የማስተማሪያ ሲስተም በዓለም ዙሪያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ ኮርስ ይጫንበታል፣ የቤት ሥራ ይሰበሰብበታል፣ የሙከራ ፈተና ይሰጥበታል። ኮሃ የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብ ይይዛል። ኪዊክስ የእንግሊዝኛውን ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ በሆነ አንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። አንድ ጊዜ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ላይ ጥሩ መስመር ያገኘ ሰው በሃርድ ዲስክ አውርዶ፣ ዲስኩን በቦርሳው ይዞ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣል። በአውቶቡስ የመጣ ቴራባይት በመስመር ከሚንጠባጠበው ይፈጥናል።

በተለይ የመውጫ ፈተናን በሚመለከት ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ከገጠር መጥቶ ኮምፒውተር በቅርብ ያወቀው ግቢ ከገባ በኋላ የሆነ ተማሪ ብዙ ነው። ጥያቄውን ያውቀዋል፤ ማውሱን፣ የሰዓት ቆጣሪውን፣ «ጨርስ» የሚለውን ቁልፍ ግን ይፈራዋል። ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ በግቢው ሰርቨር ላይ የሙከራ ፈተና የወሰደ ልጅ ሰኔ ላይ ስክሪኑ አያስደነግጠውም። ለዚህ የሚያስፈልገው መምህራን የሚያወጡት ጥያቄ፣ ያሉት የላብ ኮምፒውተሮች፣ አንድ ሰርቨርና አንድ ሥራዬ ብሎ የያዘው ባለሙያ ነው። ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው ኢ-ሺ የተባለው ፕሮጀክት 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችንና 800 ሺህ ተማሪዎችን በዲጂታል ትምህርት ለመድረስ ያቀደ ነው። ዕቅዱ መልካም ነው። ለመካነ ሰላሙ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ የሚጠቅመው ግን የኮርሶቹ ቅጂ ግቢው ውስጥ ሲቀመጥ ነው።

«ይህ መዘጋትን መልመድ አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ዳታ መዝጋት ትክክል ነው ብሎ የሚያሳምን መልስም የለም። ነገር ግን በወሎ ምድር፣ 1966ን እና 1977ን ባየ አገር፣ ጎተራ የሚሠራ ገበሬ ድርቅን ፈቀደ የሚለው የለም።

ስለ ቅጂ ከተነሳ፣ ዩኒቨርሲቲው ስሙን የወሰደበት አምባ ራሱ ብዙ ይናገራል። በሚያዝያ 1860 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ፣ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ሄደ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ከእነዚህ ብዙዎቹን በካሜራ አንስቶ በድረ ገጹ አስቀምጦ ነበር፤ መጽሐፉ ባይመለስም ምስሉ በስልክ ይነበብ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 2016 ራይሲዳ የተባሉ የኮምፒውተር ዘራፊዎች የቤተ መጻሕፍቱን ሲስተም ሰብረው ገቡ። 20 ቢትኮይን፣ በጊዜው ዋጋ 600 ሺህ ፓውንድ ገደማ፣ ጠየቁ። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም ሲል 600 ጊጋባይት ገደማ መረጃ አደባባይ ላይ ለቀቁት። የብራናዎቹ ምስሎችም ለረጅም ወራት ከድረ ገጹ ጠፉ። ያ ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ የተዘጋበት ጊዜም ነበር። የመቅደላ መጽሐፍ ከሁለቱም ጫፍ ተዘጋ ማለት ነው፤ እዚያ በዘራፊ፣ እዚህ በትእዛዝ።

ቤተ መጻሕፍቱ በኋላ ያወጣው ሪፖርት ለማንም የአይሲቲ ክፍል የሚጠቅም ነው። የዲጂታል ስብስቦቹ ቅጂ ተርፏል። የጠፋው ቅጂውን መልሶ የሚጭኑበት ሰርቨር ነበር፤ ያረጁት ሲስተሞች ከጥቃቱ በኋላ እንደነበሩ ሊነሱ አልቻሉም። በገንዘብም በሰው ኃይልም የማይታማው ትልቅ ተቋም እንዲህ ከሆነ፣ የተማሪ ውጤት በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ለሚቀመጥበት ግቢ ምን ሊባል ነው? ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ጦርነት ሲዘረፍ ይህ ጥያቄ በደቡብ ወሎ ውስጥ በተግባር ተጠይቋል።

ምርምሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የመካነ ሰላም መምህር ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአማራ ሳይንት ተድባበ ማርያም አለች፤ በወሎ መስጊዶችና መድረሳዎች በዐረብኛና በአጀሚ የተጻፉ መጻሕፍት አሉ፤ የደንቆሮ ጫካን የያዘው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ እዚያው ደጅ ላይ ነው። አንድ ተመራማሪ ሁለት ዓመት ደክሞ የሰበሰበው ፎቶና መረጃ ያለው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ቫይረስ ወይም ሌባ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ 9 ሺህ ያህል መጻሕፍት አንስቷል፤ ቅጂው አዲስ አበባም ሚኒሶታም ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት ካታሎግ ያዘጋጁት ከዚያ ፊልም ነው። ያኔ የነበረው መሣሪያ ካሜራና ፊልም ነበር። ዛሬ አንድ የአይሲቲ ክፍል ለመምህራኑ የመረጃ ማስቀመጫ ሰርቨር ቢያዘጋጅ፣ ቅጂውን በየወሩ ወደ ቱሉ አውሊያ ቢልክ፣ የተመራቂዎችን ቴሲስ በዲስፔስ ቢያደራጅ፣ ከዚያ ሥራ ጋር የሚወዳደር ነገር በአነስተኛ ወጪ ይሠራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን ቴሲስ ለሁሉም ክፍት ካደረገ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ነው፤ ችግሩም እሱ ላይ ይበረታል። ሰርቨር የሚያስተዳድር ወጣት በመንግሥት ስኬል ተቀጥሮ፣ ሁለት ዓመት ሠርቶ ልምድ ሲያገኝ ባንክ ይወስደዋል። መውቀስ አይቻልም። ሲሄድ ግን የሰርቨሩን የይለፍ ቃልና የኬብሉን ካርታ በጭንቅላቱ ይዞ ይሄዳል፤ የሚተካው ልጅ የትኛው ገመድ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ግድግዳ ይከተላል። ደመወዙን ዩኒቨርሲቲው ብቻውን ሊያስተካክለው አይችልም። የሠራውን ጽፎ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ግን ይችላል። እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ የኮምፒውተር ትምህርት ተማሪዎች አሉ፤ ለተግባር ልምምድ ሩቅ ከተማ ድርጅት ከሚለምኑ የገዛ ግቢያቸውን ኔትወርክ ቢጠብቁ ባለሙያው ሲለቅ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ይኖራል።

ገንዘቡ ወደሚታየው ነገር መሄዱም አለ። በር ላይ ትልቅ ስክሪን፣ ለምረቃ ቀን የሚበራ መብራት፣ «ስማርት ካምፓስ» የሚል ባነር ይገዛል፤ የዩፒኤስ ባትሪ ግዥ ግን ኮሚቴ ለኮሚቴ ሲንከባለል በጀት ዓመቱ ያልቃል። ባትሪ ሪባን አይቆረጥለትም።

ስለዚህ ምክር ቤትም ሆነ የትምህርት ሚኒስቴር ቡድን መካነ ሰላም ወርዶ የአይሲቲ ክፍሉን ሲገመግም የስላይድ ማብራሪያ ባይጠይቅ ይሻላል። አንድ ተራ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከውጭ የሚገባው መስመር ይነቀል። ዋናው መብራትም ለአንድ ሰዓት ይጥፋ። ከዚያ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስልኩን ይዞ ይምጣና የኮርሱን ሃንድአውት፣ የባለፈውን ሴሚስተር ውጤቱን፣ አንድ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍና አንድ የሙከራ ፈተና ይክፈት። ከአራቱ ስንቱ እንደተከፈተ ይጻፍ፤ ያልተከፈተውም ለምን እንዳልተከፈተ ከአጠገቡ ይጻፍ።