ያልወለደች እናት

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት ልጅ እኩል ያለቅሳሉ» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ሁለቱ ልጆች እኩል የሚያለቅሱት እስኪመሽ ድረስ ብቻ ነው። ሲመሽ የአንደኛው እናት ዘምቢሏን ይዛ ትመለሳለች፤ ልጁም ዕንባውን ረስቶ ከዘምቢሉ ውስጥ የመጣለትን ይፈልጋል። የሁለተኛው ልጅ ልቅሶ ግን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በዚያች ሰዓት በሩን ከፍቶ የሚገባለት ሰው መኖርና አለመኖር የልጁን የወደፊት ኑሮ ይወስናል። ለእኔ በዚያች ሰዓት የገባችልኝ አክስቴ ናት።

ያደግሁት በጨፋ ሸለቆ፣ ከከሚሴ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ነው። ጨፋ ሰፊ ሜዳ ነው፤ የቦርከና ወንዝ ያቋርጠዋል፤ ውሃው ከሚተኛበት ረግረግ በበጋም ለምለም ሣር አይጠፋም። ስለዚህ በጋው ሲበረታ አፋሩ ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ይመጣል፤ ኦሮሞውና አማራውም ከብቱን ወደዚያው ያሰማራል። ሣርና ውሃ የሚሰጠው ይኸው ረግረግ ግን ወባም ይሰጣል። እናቴን የወሰዳት ወባ ነው። እኔ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አባቴም ከእርሷ አስቀድሞ ሞቶ ነበር።

በሰደቃዋ ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ ስለ እኔ ተነጋገረ። የአባቴ ወገኖች «ልጅ የአባቱ ወገን ነው» አሉ፤ እንደ አገሩም ልማድ ነገራቸው ትክክል ነበር። የእናቴ ታላቅ እኅት፣ አክስቴ፣ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ብቻ እኔን ከጭኗ ላይ አላወረደችኝም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሼህ አንድ ታሪክ አነሡ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የነቢዩ ሙሐመድ አጎት ሐምዛ በኡሑድ ጦርነት ከሞተ በኋላ ትንሽ ሴት ልጁ ያለ አባት ቀረች። በአውሮጳ አቆጣጠር በ629 ዓ.ም. ይህችን ልጅ ለማሳደግ ዓሊ፣ ዘይድና ጃዕፈር የተባሉ ሦስት ሰዎች ተከራከሩ፤ ሦስቱም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ነቢዩ ግን ልጅቱን ለጃዕፈር ፈረዱ፤ ምክንያቱም የጃዕፈር ሚስት አስማ የልጅቱ የእናቷ እኅት ነበረችና ነው። የእናት እኅት በእናት ቦታ ትቆጠራለች ማለታቸው ነው። አስማና ጃዕፈር ደግሞ ከመካ ተሰደው በሐበሻ ንጉሥ ጥላ ሥር ብዙ ዓመት የኖሩ ናቸው። ሼሁም ይህን ተናግረው ሲጨርሱ፣ «በእኛ አገር እንግድነትን የቀመሰች ሴት የሰው ልጅ መያዝ ታውቅ ነበር» አሉ።

ጉባዔው ዝም አለ። ከዚያም የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ «እንግዲያውስ አደራ» አለ። አክስቴም፣ «አደራ በልቼ አላውቅም» አለች። በዚያ ቀን የተናገረችው ይህን ብቻ እንደ ሆነ በቦታው የነበሩ ሰዎች ኋላ ነግረውኛል።

አክስቴን መልአክ አድርጌ ላቀርባት አልፈልግም። ቁጡ ነበረች። ሳንቲሟን በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ ቋጠሮውን በቀን ሦስት ጊዜ ትዳብሳለች። ሰው ሲያመሰግናት ፊቷን አጥቁራ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። የራሷ አምስት ልጆች ነበሯት፤ ቤቷም የሚተርፈው ቤት አልነበረም። ሆኖም ንፍሮ በየጣባው ስታድል መጀመሪያ የምትሰጠው ለእኔ ነበር። አንድ ቀን ታላቋ ልጇ ተቆጥታ ምክንያቱን ብትጠይቃት፣ «እናት ያለው ልጅ ቢዘገይበትም እንደሚደርሰው ያውቃል፤ እናት የሌለው ግን ዓይኑ ይቆጥራል» ብላ መለሰችላት። ከሁላችን እኩል ሰፈረች፤ ተራውን ብቻ ለወጠች። ይህን ነገር ማንም መምህር አላስተማራትም።

ፊደል አታውቅም ነበር። ነገር ግን ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ስናነብ ጥጧን እየፈተለች ታዳምጣለች። ድምፃችን ሲደናቀፍ እንዝርቷን አቁማ፣ «እዚያች ላይ ተመለስ» ትላለች። ቃሉን ባታውቀውም አለማወቃችንን ታውቅ ነበር። ደብተራችንም የሚገዛው ከቅቤዋ ሽያጭ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ትልቁ ድርቅ ወሎን ሲመታ፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ባቲ የረኀብተኞች መጠለያ ሆነች። በዚያ ዓመት ብዙ ቤት አፍ ይቀንስ ነበር፤ ልጁን ወደ ሩቅ ዘመድ የላከ ብዙ ነው። ለአክስቴም፣ «ይህን ልጅ ለአባቱ ወገኖች መልሺ፤ የአንቺ አምስቱ ይበቁሻል» የሚላት ሰው አልጠፋም። እርሷ ግን፣ «የሚቀነሰው ድርሻ ነው እንጂ ልጅ አይደለም» አለች። የሙሽርነቷን የብር አልቦ ይዛ ባቲ ወረደች፤ በእህል ለውጣም ተመለሰች። ስድስታችንም ከዚያ ዓመት ወጣን። የእርሷ እግር ግን ከዚያ ወዲህ አልቦ አላደረገም።

እናት ልጇን የምትወደው ተፈጥሮዋ ግድ ብሏት ነው። ይህን የምለው የእናትን ፍቅር ለማሳነስ አይደለም። ያልወለደች ሴት ግን በየማለዳው «ይህ የእኔ ነው» ብላ በፈቃዷ መወሰን አለባት፤ በተለይም ምጣዱ ባዶ በሆነበት ማለዳ። ይህም በጎነት የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ጎሣ ብቻ አይደለም። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ መጥተው፣ በረኀቡ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። የቤታቸው ሰው ቢቃወማቸውም ልጆቹን አልተዉም፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪሞቱም ድረስ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ። የእርሳቸውን ስም አገር ያውቀዋል፤ የአክስቴን የሚያውቀው ሰፈሯ ነው። ሥራው ግን አንድ ነው።

የጨፋ ሰዎች የኋላው ዘመን ከብዷቸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የአጣዬ ከተማም ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደረሰ። ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ በሚያይበት በዚያ ወራት በአክስቴ ቤት አንዲት ወላጆቿን ያጣች ትንሽ ልጅ ታየች። አንድ ሰው፣ «የማን ወገን ናት?» ብሎ ቢጠይቃት፣ አክስቴ፣ «የተራቡት ወገን» ብላ መለሰችለት።

አክስቴ በ2016 ዓ.ም. ሞተች። በወሎ ቅሬ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ሃይማኖት ሳይለይ ሟችን ይቀብራል፤ ለእርሷም እንዲሁ ሆነ። መቃብሩን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እየተቀባበሉ ቆፈሩ። የጀናዛው ሰላት ሲሰገድ ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ጠበቁ፤ ኋላም ከሌላው ጋር አፈር መለሱ። በጎሪጥ ይተያዩ የነበሩ ሁለት ሰዎች አንዱን ቃሬዛ በአንድ ወገን ይዘው አየሁ።

ከቀብር መልስ ጎረቤት ያመጣው ንፍሮ ሲታደል፣ ያች ትንሽ ልጅ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ የሚያልፈውን ጣባ ሁሉ በዓይኗ ትቆጥር ነበር። የአክስቴ ታላቋ ልጅ ዛሬ ራሷ የልጅ ልጆች አሏት። ንፍሮውን ይዛ በሽማግሌዎቹ ፊት አለፈች፤ በራሷም የልጅ ልጆች ፊት አለፈች፤ የመጀመሪያውን ጣባ ለዚያች ልጅ ሰጠች። ልጅቱ ወዴት ትሂድ ብሎ ጉባዔ የተቀመጠ አልነበረም፤ ነገሩ በዚያች ጣባ አልቋል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የወላጅን ብድር ጥቂቱንም ቢሆን ጧሪ ሆነህ ትመልሳለህ። ያልወለደችህ ሴት ውለታ ግን ወደ ላይ ተመልሶ አያልቅም፤ ወደ ታች የሚከፈል ነው። በዘመናችን እናቶቻቸው ከገበያ የማይመለሱ ልጆች በየመንደሩ አሉ። አንዱ ከደጅህ ቆሞ በዓይኑ ሲቆጥር ብታየው፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ከመጠየቅህ በፊት ጣባውን አቀብለው።