ስለ አንድ ቃል መሳሳት

በቡራዩ ቤት ሠርተን ከተቀመጥን ብዙ ዘመን ሆነን፤ ሥራችን ግን አዲስ አበባ፥ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። ከጎረቤቶቻችን ቋንቋ ከኦሮምኛው ሰላምታውን ብቻ ይዘን የቀረውን በአስተርጓሚ እናልፈው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን የቀጠሮ ወረቀታቸውን ይዘው መጥተው ቀኑን ጠየቁን። ቀጠሮው በማግሥቱ ነበርና «ቦሩ» ማለት ሲገባን «ኢፍታን» አልናቸው፤ ይኸውም ከነገ ወዲያ ማለት ነው። እርሳቸውም አምነውን አንድ ቀን አሳልፈው ቢሄዱ መዝገባቸው ተዘግቶ ቆያቸው። በኋላ በማመልከቻ ተከፈተላቸው፤ የእኛ እፍረት ግን አልተዘጋም።

ከዚህ በኋላ የቃላት መጽሐፍ ገዝተን ማታ ማታ እናነብ ጀመር። ስናነበው ሁሉን የምናውቅ ይመስለን ነበር፤ መጽሐፉ ሲታጠፍ ግን ቃሉም አብሮ ይታጠፋል። ያን ጊዜ የቤተ ክህነት ትምህርታችን ትዝ አለን። የኔታ ሲመሽ፥ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት፥ የተማርነውን በቃላችን ያስወጡን ነበር። ትምህርቱ የጸናልን በማየት ሳይሆን በመጠየቅ እንደ ነበረ አስተዋልን።

ስለዚህ ከወፍራም ወረቀት ትንንሽ ካርድ ቈርጠን፥ በፊቱ ኦሮምኛውን በጀርባው አማርኛውን ጻፍን። ሴባስቲያን ላይትነር የተባለው ጸሐፊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ መከረውም፥ አንድ ሣጥን 5 ላይ ከፈልን። የታወቀው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የተረሳው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል ዕለት ዕለት ይጠየቃል፤ የኋለኞቹ ቀናቸው እየራቀ ይሄዳል። በዚህም ድካማችን ሁሉ በሚረሳው ቃል ላይ ይውላል።

ጠያቂያችን የ10 ዓመት ልጃችን ናት። አባት በልጁ ፊት ተማሪ ሆኖ መቀመጡ መጀመሪያ ከብዶን ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ግን፥ ኦነሲሞስ ነሲብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጕሙ በቋንቋው ዕውቀት የረዳቻቸው አስቴር ጋኖ እንደ ነበረች ተምረናል። ያን የመሰለ ሰው እርዳታ ካልናቀ እኛ ምን ያስኰራናል? ልጃችንም ያለ ርኅራኄ ትፈርድብናለች፤ «ኢፍታን» ስንት ጊዜ ወደ መጀመሪያው ክፍል እንደ ተመለሰ እርሷ ታውቃለች።

ካርድ ብቻውን ግን አንደበት አይሆንም፤ ቃሉን ወደ ባለቤቱ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በቅርቡ ባልቴቲቱን መንገድ ላይ አግኝተን በኦሮምኛ ነገ ልንጠይቃቸው እንደምንመጣ ነገርናቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ቦሩ ነው ወይስ ኢፍታን?» አሉን።

በማግሥቱ ሄድን፤ ቡናውም ተፈልቶ ቆየን።