ዉድብሪጅ በጀልባ ትድን ይሆን?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ፖለቲካ አይደለም። አዘጋጁ ቅር እንዳይለው እንጂ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ከሥራ ወደ ቤት መግባት ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ ሰዓቱን ግን በኛው።)

የምኖረው ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም መጀመሪያ መሀል ከተማ ነበርኩ፤ አዳምስ ሞርጋን፣ ሁለት ክፍል ለአራት ወንደላጤ። ኪራዩ ሲብስ ወደ አሌክሳንድሪያ ተገፋሁ። ትዳርና ልጅ ሲመጣ ደግሞ እዚህ ደረስኩ። ቤቱን ያሻሻጠኝ ያገሬ ልጅ «ከዲሲ እኮ ብዙም አይርቅም» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፤ እሁድ ጠዋት አይርቅም።

ሥራዬ ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ነው። ፈረቃዬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ። መሄዱ አርባ ደቂቃ ነው። መመለሱ ነው ጉዱ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 95 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ከወጣሁ እግዚአብሔር ካልረዳኝ ሁለት ሰዓት ነው። ባለፈው ዓመት ልጄ በትምህርት ቤቷ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትዘምር እኔ የኦኮኳን ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ነበር። ከበላዬ ፀሐይ፣ ከፊቴ የጭነት መኪና ቂጥ፣ ከበታቼ ደግሞ ያ ሰፊ ውኃ ባዶውን ተኝቷል። አንዲት ጀልባ እንኳ የለችበትም። የዚያን ቀን ነው «ይኼ ወንዝ ዝም ብሎ ነው የሚፈሰው?» ብዬ ራሴን የጠየቅኩት።

ለካስ ጥያቄው የኔ ብቻ አይደለም። በሰፈራችን ቡና ቤት ሁልጊዜ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ጡረተኛ ወዳጃችን አለ፤ ወረቀት ይዞ ፊርማ ይሰበስባል። ከዉድብሪጅ ተነሥቶ በፖቶማክ ወንዝ ዋሽንግተን የሚገባ የሠራተኛ ጀልባ ይጀመርልን የሚል ማመልከቻ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የሰሜን ቨርጂኒያ ክልላዊ ኮሚሽን ለዓመታት ሲያገላብጠው የኖረ ጉዳይ ነው፤ በ2009 በወንዙ ላይ የሙከራ ጉዞ ሳይቀር ተደርጎለታል። የሕዝቡ ቁጥር ደግሞ አልጠበቀም። ዉድብሪጅ ያለችበት የፕሪንስ ዊልያም አውራጃ በ2000 ቆጠራ 280,813 ሰው ነበረው፤ በ2020 ቆጠራ 482,204 ደርሷል። መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ዉድብሪጅ ማለት የእንጨት ድልድይ ማለት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጆርጅ ሜሰን የተባለው ባላባት በኦኮኳን ወንዝ ላይ ሰው በጀልባ ያሻግር ነበር። ልጁ ቶማስ ሜሰን ከአባቱ ሲረከብ የጀልባውን ነገር ተወና የእንጨት ድልድይ ሠራበት፤ ስሙም ለአገሩ ቀረ። ይህን ለጡረተኛው ወዳጄ ብነግረው «እና አሁን ድልድዩ ሞላ፤ ተመልሰን ወደ አባትየው!» አለኝ። ሰውየው መልስ አያጣም።

እኔ ግን ከመፈረሜ በፊት በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። አጋጣሚ ሆኖ በ2023 ሐምሌ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ሲያትል ሄጄ ነበር። ሲያትል መቼም የኛ ሰው የሞላባት ከተማ ናት፤ የመርከብም አገር ናት። ዋሽንግተን ስቴት የግል ኩባንያውን መርከቦች ገዝቶ በመንግሥት እጅ ማሠራት የጀመረው በ1951 ነው። ከሠርጉ ማግሥት መሀል ከተማው ካለው ኮልማን ዶክ ከሚባለው ወደብ ወደ ብሬመርተን ተሳፈርኩ። መርከቧ 144 መኪና የምትውጥ፣ ከላይ ደግሞ ወንበርና ጠረጴዛ የተደረደረባት ነች። ሰዉ ቡናውን ይዞ ጋዜጣ ያነባል፣ ይተኛል፣ የተጀመረ የሥዕል እንቆቅልሽ ይገጣጥማል። የሚነፋ ክላክስ የለ፣ የሚሳደብ የለ። ጉዞው አንድ ሰዓት ነው፤ ግን የኔ ሁለት ሰዓት የሚገድለኝን ያህል የሷ አንድ ሰዓት አሳረፈኝ። በልጅነቴ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በጣና ላይ ስንሻገር እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ «ውኃ ላይ ሰው አይቸኩልም» ያለችኝ ትዝ አለኝ።

አጠገቤ የነርስ ልብስ የለበሰች ያገሬ ልጅ ተቀምጣ ነበር። ፊት ለፊት እየተያየን ዝም ማለት ያበሻ ወግ አይደለምና ሰላምታ ተሰጣጣን። የምትሠራው ከወደቡ በላይ ካለው ዳገት ላይ፣ ሆስፒታሎቹ ከተሰበሰቡበት ነው። ብሬመርተን የገባችው ቤት ረክሶ ስላገኘች ነው።

«እንግዲህ ታድለሻል» አልኳት። «በየቀኑ እንዲህ እያረፍሽ!»

«ወንድሜ፣ ስትደርስባት ነው እረፍቷ» አለችኝ። «ተተኪዬ አሥር ደቂቃ ካረፈደች ወደቡ ላይ ስደርስ መርከቧ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሄዳለች። አውቶቡስ ቢያመልጥህ ሌላ ይመጣል። ይቺ ካመለጠችህ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ወንበር ላይ ነው። አንድ ሌሊት እዚያው ከቦርሳዬ ጋር አድሬያለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2021 ጀምሮ በሠራተኛ እጥረት የተነሣ የብሬመርተን መስመር ለዓመታት በአንዲት መርከብ ብቻ ይሠራ ነበር። አንዲት መርከብ ሄዳ እስክትመለስ ሌላ ተስፋ የለም። አውቶቡስ ሾፌር ቢጎድልበት ከአሥሩ አንዱ ይቀራል። መርከብ ግን በሕግ የተወሰነው ቁጥር ያለው ሠራተኛ ካልተሟላ ከወደቡ አትነቃነቅም።

እሷው ናት ስለ ፈጣኗ ጀልባም ያጫወተችኝ። መኪና አትጭንም፤ ሰው ብቻ ነው። ከብሬመርተን ሲያትል በግማሽ ሰዓት ትገባለች። ታሪኳ ግን አጭር አይደለም። በ1998 ቺኑክ የምትባል ፈጣን ጀልባ ተጀምራ ነበር። ሪች ፓሴጅ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ዳር ቤት የሠሩ ሰዎች «ጀልባዋ የምታስነሣው ማዕበል የባሕር ዳራችንን በላው» ብለው ከሰሱ፤ በ1999 ፍጥነቷ እንዲቀነስ ተደረገ። ፈጣን ጀልባ ቀስ በይ ከተባለች ምን ቀራት? በ2003 አገልግሎቱ ቆመ። ከዚያ ለዓመታት ማዕበሏ የማይከፋ ጀልባ ሲጠና ቆይቶ 118 ሰው የምትይዝ አንዲት ጀልባ ተሠራች። በኅዳር 2016 የአውራጃው ሕዝብ ከሚገዛው ዕቃ ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ሊከፍል ድምፁን ሰጠ፤ በ2017 ሐምሌ ሥራ ተጀመረ። ከመጀመሪያዋ ጀልባ እስከዚህች አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው። ጡረተኛው ወዳጄ ይህን ይስማ!

እውነቱን ለመናገር ጀልባ ዋጋዋ የሚታወቀው ሌላው ነገር ሲሰበር ነው። የዌስት ሲያትል ድልድይ ተሰንጥቆ ከመጋቢት 2020 እስከ መስከረም 2022 ሲዘጋ ትንሿ የውኃ ታክሲ ለሰፈሩ ሰው አማራጭ ሆና ነበር። ኦክላንድ ያላችሁ ደግሞ የ1989ኙን የመሬት መንቀጥቀጥ ታስታውሱታላችሁ፤ ቤይ ብሪጅ ለአንድ ወር ያህል ሲዘጋ ሰው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የተሻገረው በጀልባ ጭምር ነው፤ የኦክላንድና የአላሚዳ ጀልባ በዚያው ቀጠለ። እኛስ? በጥር 2022 በረዶ ሲወርድ ከኛ በስተደቡብ 95 ላይ ሰው መኪናው ውስጥ አድሯል። ሴናተር ቲም ኬን ራሳቸው 27 ሰዓት መንገድ ላይ ቆይተዋል። ሴናተር ያላለፈበትን መንገድ እኔ በምን አቅሜ!

ስመለስ የቤቴን ወንዝ ልሞክር ብዬ ሚስቴንና ልጄን ይዤ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ከኪንግ ስትሪት ግርጌ ተነሥታ ዋርፍ የምትገባ የውኃ ታክሲ አለች፤ ዋርፍ በ2017 የተከፈተው አዲሱ የውኃ ዳር ሰፈር ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። አውሮፕላኖቹ ከራሳችን በላይ ይወርዳሉ፣ የዋሽንግተን ሐውልት ከሩቅ ይታያል፤ ልጄ ከሐዲዱ ላይ አልወርድም አለች። ግን ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ካሜራ የያዘ ነው፤ የምሳ ዕቃ የያዘ አንድ ሰው አላየሁም። ብርዱ ሲጠና ታክሲዋ ታርፋለች። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ዘንቦ ነበርና ሙሉ ግንድ ከነቅርንጫፉ ሲንሳፈፍ አየን። በቀን ብርሃን ካፒቴኑ ያየዋል፤ በታኅሣሥ ጨለማ በሙሉ ፍጥነት ቢሆንስ?

ማታ ቤት ገብቼ በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። በወንዙ የሚኬደውን 25 ማይል እንበለው። ጀልባዋ 25 ኖት ብትሮጥ በሰዓት 29 ማይል ያህል ነው፤ ጉዞው 52 ደቂቃ። ኦኮኳን ወንዝ ውስጥና አሌክሳንድሪያ አጠገብ ቀስ ማለት ስላለ አንድ ሰዓት እንበል። ሄዳ ለመመለስ ሁለት ሰዓት። ስለዚህ አንዲት ጀልባ በአንድ ጠዋት ሁለቴ ብትጭን ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ከ149 ሰው አያልፉም፤ ከዚያ ሲበልጥ ደንቡ ይጠብቃል። ሁለት ጀልባ፣ አራት ጉዞ፣ 596 ሰው። ያውም ጢም ብለው ከሞሉ።

ይኸው ሰው 57 መቀመጫ ባለው አውቶቡስ አሥራ አንድ አውቶቡስ ነው። በ2014 መጨረሻ የተከፈቱት የ95 ፈጣን መስመሮች ላይ አውቶቡስ ቀረጥ አይከፍልም። ጀልባዋ ወደቡ ላይ ስታወርደኝ ደግሞ ገና ከሥራዬ አልደረስኩም፤ ከዋርፍ ወይም ከኔቪ ያርድ ሌላ አውቶቡስ ወይም ሜትሮ መያዝ አለብኝ። ሲያትል ግን ከመርከብ ወርደህ መሀል ከተማ ነህ። ልዩነቱ ይኸ ነው፤ እዚያ ውኃው በመሀል ስላለ መርከቧ ታቋርጣለች፤ እዚህ ወንዙ ከመንገዱ ጎን ለጎን ይጠማዘዛል። የኔቪ ያርድና የአናኮስቲያው የጦር ሰፈር ሠራተኛ ቢጠቀምባት አይገርመኝም፤ መሥሪያ ቤቱ ውኃው ዳር ነው።

ባቡሩስ? በ1992 የተጀመረው የቨርጂኒያው ባቡር ስምንት ተጎታች ሲስብ ወደ አንድ ሺህ ሰው ያስቀምጣል፤ በአንድ ጉዞ ከጀልባዎቹ ጠቅላላ ጠዋት ይበልጣል ማለት ነው። ግን ፖቶማክን የሚሻገረው በ1904 በተሠራ ባለ ሁለት ሐዲድ ድልድይ ላይ ነው፤ የጭነቱም የሩቅ አገሩም ባቡር የሚጋፋው እዚያው ላይ ነው። አዲሱ ድልድይ በጥቅምት 2024 ግንባታው ተጀምሯል፤ ዕቅዱ ለ2030 ነው። ሜትሮው ደግሞ በ1997 ስፕሪንግፊልድ ደርሶ እዚያው ቆመ፤ ከኛ ወደ አሥር ማይል ሲቀረው።

ይህን ሁሉ ስደምር ስቀንስ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ባቡሩም፣ አብዛኛው የረዥም መንገድ አውቶቡስም፣ በማመልከቻው ላይ የተሳለችው ጀልባም የተቀረጹት ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ገብቶ ማታ ለሚወጣ የቢሮ ሰው። ስላግ የሚሉትም፣ ያ ከማያውቁት ሰው መኪና ገብቶ ሰላምታ እንኳ ሳያበዙ የሚሄዱበት ነገር፣ የሚሠራው ጠዋት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ማን ይወስደኛል? የሆቴል አልጋ የምታነጥፈው፣ ኤርፖርት የሚጠብቀው፣ ሆስፒታል የምታድረው ያገሬ ሰው ሰዓቱ ሌላ ነው። ለሱ ጀልባ ከመጠየቅ ሌሊትም እሁድም የሚመላለስ አውቶቡስ መጠየቅ ይቀድማል። አውቶቡስ ውበት የለውም፣ ሪባን ሊቆርጥለት የሚጣደፍ ባለሥልጣንም የለም። ለዚህም ይሆናል ስለ ጀልባ የምናወራው።

ባለፈው እሁድ ቡና ቤቱ ስገባ ጡረተኛው ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። የደብተሬን ሒሳብ አሳየሁት። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ሁለቴ አነበበውና «ሒሳብህ ልክ ነው፤ ግን አውቶቡስህ በበረዶ ቀን የት ይገኛል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ልጄም ከጎኔ ሆና «አባዬ፣ ጀልባዋን ፈርም» ትላለች።

ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር በቀይ እስክሪብቶ «የሌሊት አውቶቡስም ይታከል» ብዬ ጻፍኩ። ከኔ በኋላ የፈረሙት ሦስት ሰዎችም ያንኑ መስመር ደገሙት።