ከጭላሎ ግርጌ፣ አንጓ ለአንጓ

መስከረም ሲጠባ ጭላሎ ጉሙን ገፍፎ ብቅ ይላል። ከአዳማ ተነስቶ በኢተያና በቁሉምሳ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው። የተጓዡ ሁሉ ዓይን ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚዘልቀው ተራራ ይሳባል፤ የእኔ ግን ከማሳው ጠርዝና ከቦዩ ዳር አልነሳ አለ። እዚያ ሮዝና ነጣ ያለ አበባ ያላቸው፣ መንገደኛ ዞር ብሎ የማያያቸው ትናንሽ ዕፅዋት አሉ። የመጣሁት ለእነሱ ነው።

ዘመዶቻቸውን አንባቢ ያውቃቸዋል። ቅቤ ሲነጠር የሚጨመረው መቅመቆ፣ እረኞች ለጋ ግንዱን ልጠው የሚበሉት ኮምጣጣው እምቧጮ፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ቱልት ከእነሱ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የቤተሰቡ መለያ ያለው አንጓው ላይ ነው። ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ግንዱን ዙሪያውን የሚጠቀልል ስስ ሽፋን፣ ማለትም ሰገባ አለ። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው የአርሲን ሜዳ በሌላ ዓይን ያያል።

ከቁሉምሳ አለፍ ብሎ ባለ የስንዴ ማሳ ውስጥ ያገኘሁት ፐርሲካሪያ ኔፓለንሲስ ነው፤ በአርሲ የእህል ማሳዎች በብዛት ከሚታዩት አረሞች አንዱ። መሬት ለመሬት ተንፏቆ ቀና ይላል። የቅጠሉ ዘንግ በሁለት ጎኑ ክንፍ አለው፤ ክንፉም ግርጌው ላይ ሰፍቶ ግንዱን ያቅፋል። ቅጠሉን ገልብጬ በማጉሊያ መነጽር ሳየው ጀርባው በደቃቃ ቢጫ እጢዎች ተነጥቧል። ማጉሊያውን ማውረድ አቃተኝ። በእጅ የሚዳሰስ፣ በየዓመቱ ተነቅሎ የሚጣል ቅጠል ይህን ያህል ጌጥ ይዞ ኖሯል! አበቦቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ተሰብስበው ትንሽ ድቡልቡል ሠርተዋል፤ ከሥራቸውም አንዲት ቅጠል ደግፋቸዋለች። ሰገባው ቡናማ ሲሆን ግርጌው ላይ ፀጉር አለው።

እዚያው ማሳ ውስጥ ሌላ ዘመዱ በስንዴው አገዳ ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል። ፋሎፒያ ኮንቮልቩለስ ይባላል። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ እጢም ክንፍም የለውም። ቁርጡን የሚናገረው ግን ፍሬው ነው፤ የኔፓለንሲስ ፍሬ እንደ ምስር ጠፍጣፋ ሲሆን የፋሎፒያው ሦስት ማዕዘን ያለውና ደብዛዛ ጥቁር ነው።

ማሳቸውን የሚያርሙ አንድ አዛውንት ጠጋ ብዬ አነጋገርኩ።

«አባባ፣ እነዚህ ሁለቱ ለእርስዎ አንድ ናቸው?»

«እንዴት አንድ ይሆናል፣ ልጄ! ይሄ ሲነቅሉት እሺ ብሎ ይመጣል። ያኛው ስንዴውን ይዞት ነው የሚወጣው።»

መጽሐፍ በቅጠልና በፍሬ የለየውን እሳቸው በመዳፋቸው ለይተውታል። ልዩነቱ ለገበሬው ቀላል ነገር አይደለም። የፋሎፒያ ፍሬ መጠኑ ከስንዴ ስለሚቀራረብ በማበጠር በቀላሉ አይለይም፤ በየአገሩ የስንዴ ገበሬ የሚረጨውን ቱፎርዲ የተባለ ፀረ አረምም ጠንከር ብሎ ይቋቋማል። አረሙን ሳይለዩ መርጨት ገንዘብን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው።

ውሃ ወዳዶቹን ፍለጋ ወደ ከታር ወንዝ ወረድኩ። ከታር ከአርሲ ተራሮች ተነስቶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ረግረጉ ዳር ቀጭን ረጅም ቅጠል፣ ቀጭን ሮዝ ዛላ ያለው ፐርሲካሪያ ዴሲፒየንስ ቆሟል። የሰገባው አፍ የረጃጅም ፀጉር ዘርፍ አለው። ሐይቁ ዳር ደግሞ ከሰው ቁመት ሊያልፍ የሚችለው ፐርሲካሪያ ሴኔጋለንሲስ አለ፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ የሰገባው አፍ ፀጉር አልባ ነው። የአንዳንዱ ተክል የቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሱፍ ለብሷል፤ የሌላው አልለበሰም፤ ሁለቱም ግን አንድ ዝርያ ናቸው። በሱፉ የሚለይ ሰው ይሳሳታል፤ በሰገባው የሚለይ አይሳሳትም። ዴሲፒየንስንና ሴኔጋለንሲስን ጎን ለጎን ይዤ አንጓቸውን ሳስተያይ የተሰማኝን ደስታ ብዙ የታወቀ መስህብ ጎብኝቼ አላገኘሁትም።

ሰው በሚረግጠው ጠንካራ መሬት ላይ የሚነጠፈውን ፖሊጎነም አቪኩላሬን ለመለየት ብዙ ድካም የለም፤ አበባው በየቅጠሉ ብብት ተሸጉጧል፤ ሰገባውም ብርማና የተቀዳደደ ነው።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዘርዝር ስምንት ቅጽ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቋል፤ ይህ ቤተሰብ የሚገኝበት ክፍል የወጣው በ2000 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማከማቻም ናሙናዎችን ይጠብቃል። እናንተ የግብርናና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች፣ ወደ አርሲ ስትወጡ ከእነዚህ ዕፅዋት ናሙና ሰብስቡ። አበባ ያለበትን ጫፍ ብቻ ቀጥፋችሁ አትመለሱ፤ አንጓውን ከነሰገባው፣ የበሰለ ፍሬውንም ጨምሩበት፤ ቦታውንና ከፍታውንም ጻፉ።