«ባሉበት» ብቻ አይበቃም

የአማርኛ ደብዳቤ ሲጀመር «ይድረስ» ይላል። ገና ሰላምታው ሳይሰጥ፣ ገና «እንደምን ከርመሃል» ሳይባል፣ የመጀመሪያው ምኞት መድረስ ነው። አባቶቻችን ይህን ቃል ከሁሉ ያስቀደሙት ያለ ምክንያት አይመስለንም። ወረቀት በሰው እጅ፣ ክረምት ከበጋ፣ ወንዝ ተሻግሮ ሲሄድ የሚገጥመውን ያውቁ ነበርና። ሆኖም «ይድረስ» ካሉ በኋላ የሚጽፉት አድራሻ አንዳንዴ ያስገርማል። «ለአቶ እገሌ፣ ባሉበት»። የት ነው ያሉት? ያሉበት ነዋ!

እኛ የዱርቤቴ ልጆች በዚህ «ባሉበት» አንስቅም። በአገራችን ሠርቷልና። በጣና ውስጥ ወዳለችው ወደ ደቅ ደሴት መልእክት የሚልክ ሰው የቤት ቁጥር አይጽፍም፤ የመንገድ ስም አይፈልግም። ባሕር ዳር ለሚወርድ ዘመድ ይሰጣል፤ ዘመድየው ለጀልባ ተሳፋሪ ያቀብላል፤ ተሳፋሪው ናርጋ ሥላሴ ሲደርስ ለቄሱ ያስረክባል። ቄሱ ደግሞ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ለማን ክርስትና እንዳነሣ አሳምረው ያውቃሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ብቻ ቢሆንም የቀረው አድራሻ በሰዎቹ ራስ ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ ይደርሳል።

ነገሩ የሚበላሸው ደብዳቤው ከሚያውቁን ሰዎች እጅ ሲወጣ ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በጦርነቱ ወላጅ ያጡ ነበሩ። የሰፈሩባት ቦታ ከዋናው የኩባ ምድር በስተደቡብ፣ ባሕር ውስጥ ያለች ደሴት ናት። ስፋቷ ከእኛው ጣና ሐይቅ ያንሳል። እዚያ ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያና ከሌሎችም አገሮች ከመጡ ልጆች ጋር የቀኑን እኩሌታ ይማሩ፣ እኩሌታውን በብርቱካንና በሎሚ ዘር እርሻ ይሠሩ ነበር። እናቶች እዚህ፣ ልጆች እዚያ፤ መካከላቸው አንድ ፖስታ። ስልክ እንደዛሬው በኪስ የሚያዝ አልነበረም።

በሰፈራችን ታላላቆቻችን የሚያወሩልን የአንዲት እናት ነገር አለ። ስማቸውን አንጠራም። ደብዳቤ አስጽፈው ልከው፣ ወራት ቆይቶ ያው ፖስታ ተመለሰ። ላዩ ላይ የፈረንሳይኛ ቃላት የታተሙበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ በአንደኛው መስመር ላይ ምልክት ተደርጎበታል። እሳቸው ፊደልም አልቆጠሩ። ወደ አንድ ተማሪ ወሰዱት። ተማሪው መዝገበ ቃላት አገላብጦ «ያልታወቀ ይላል፣ እማማ» አላቸው። «ምኑ ነው ያልታወቀ? ልጄ?» አሉ። ሰው ቢያጽናናቸውም ልባቸው አላረፈም፤ ማቅ ሊለብሱ ምንም አልቀራቸውም። ኋላ ከልጁ እጅ ደብዳቤ ደረሰና ነገሩ ታወቀ። ልጁ ደህና ነበር። ያልታወቀው አድራሻው ነው።

በተመለሰው ፖስታ ላይ ምን ተጽፎ ነበር? አንደኛ፣ እናቱ የሚጠሩበት የቤት ስሙ። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ግን የሰፈረው የክርስትናም የቤትም ሳይሆን የተማሪነት ስሙ ከነአባቱ ስም ነው። ሁለተኛ፣ የደሴቲቱ ስም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ። የቦታ ስም ደግሞ አይተረጎምም፤ ዱርቤቴን ማንም ተርጉሞ ቢጽፍልን እኛስ እናውቀዋለን? የደሴቲቱ ስም ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ነው፤ የወጣትነት ደሴት ማለት ነው። በጆሮ ሰምቶ የሚጽፍ «ሁ» ብሎ በኤች ይጀምረዋል፤ ስፓኒሾች የሚጽፉት ግን በጄ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ይህ ስም አዲስ ነበር። እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ኢስላ ዴ ፒኖስ፣ የጥድ ደሴት ትባል ነበር። ሦስተኛ፣ የትምህርት ቤቱ ስምና ቁጥር የለም። በደሴቲቱ ላይ የነበሩት ትምህርት ቤቶች በርካታ ነበሩ።

እንግዲህ ደብዳቤ በባዕድ አገር እንዴት እንደሚጓዝ እንመልከት። የዓለም ፖስታ ኅብረት በ1874 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ከተማ በበርን ሲመሠረት ዓለምን እንደ አንድ የፖስታ ግዛት አደረገ። ኢትዮጵያ በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ፖስታዋን ጀምራ በ1901 ዓ.ም. የዚህ ኅብረት አባል ሆናለች። ከዚያ ወዲህ እዚህ የተለጠፈ ቴምብር እስከ መድረሻው ድረስ ያስኬዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ አያውቁንም፤ የሚያውቁት መስመሮቹን ብቻ ነው።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ ፖስታውን የሚያነቡት ከታች ወደ ላይ ነው። የአዲስ አበባው ሠራተኛ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ያያል፤ «ኩባ» ይላል፣ ወደ ኩባው ከረጢት ይጥለዋል። የሐቫናው ሠራተኛ አንድ መስመር ከፍ ይላል፤ ደሴቲቱን ያያል። ዋና ከተማዋ ኑዌቫ ኼሮና ያለው ደግሞ ትምህርት ቤቱን ያያል። የትምህርት ቤቱ ሰው ስሙን ያያል። እያንዳንዱ እንግዳ ሰው አንድ መስመር ድርሻ አለው። አንዷ መስመር ከጎደለች ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል። እኛ ግን በለመድነው መንገድ ከትልቁ እንጀምራለን፤ አገር፣ ክፍለ ሀገር፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያልን ወርደን ሰውየውን በመጨረሻ እናስቀምጣለን። ለውጭ አገር ግን ሰውየው ከላይ፣ አገሩ ከታች በትልልቅ ፊደል፤ ጽሑፉም በላቲን ፊደል፣ ቁጥሩም 1፣ 2፣ 3 እየተባለ በሚጻፈው አኃዝ። የግዕዝ ፊደላችን ብናፈቅረውም ሐቫና ላይ አንባቢ የለውም።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ትሪስታን ዳ ኩኛ የምትባል ደሴት አለች፤ ነዋሪዋ ከሦስት መቶ በታች ነው። መንደሯ እንደ ስኮትላንዱ ከተማ ኤድንብራ ትባላለች፤ ዕቃና ደብዳቤ የሚደርሳት ከኬፕ ታውን በመርከብ ነው። ለዚህች እፍኝ ለማትሞላ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2005 የራሷ የፖስታ መለያ ተሰጣት። አንድ መስመር ፊደልና ቁጥር ማለት ነው። ያቺ መስመር ግን ለነዋሪው «እኛም አለን፤ ከሌላው አንምታታም» የምትል ማስረጃ ናት።

ዱርቤቴስ? ባሕር የለባትም፤ ለሐቫናው ሠራተኛ ግን እሷም ደሴት ናት። የልጁ መልስ ወደ እናቱ እንዲመለስ የዱርቤቴም አድራሻ በፖስታው ግራ ጥግ መጻፍ ነበረበት። በዚህም ላይ የእኛ ስሞች አይረጉም። ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ ክፍለ ሀገር ሆነ፤ ኋላም ክልልና ዞን መጣ። አቸፈር አንድ ወረዳ ነበር፤ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተከፈለ። በአገራችን ደብዳቤ የሚያድረው ከሰው ደጅ ሳይሆን ከፖስታ ሳጥን ነው፤ ሳጥን የሌለው ገበሬ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት «በኩል» ያስጽፋል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚያዘልቀው የሳጥኑ ቁጥርና ፖስታ ቤቱ ያለበት ከተማ ስም ነው።

ዛሬ ሰላምታ በስልክ ይሄዳል፤ እሰየው። የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልና፣ የልደት ወረቀት ግን አሁንም በፖስታ ይጓዛል። ያልተማሩ ወላጆችም አሁንም «ጻፍልኝ ልጄ» ይሉናል። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች የምንኮራው ባማረ ዐረፍተ ነገር ነው፤ በፖስታው ጀርባና ፊት ላይ የሚጻፈውን ደግሞ እንደ ተራ ሥራ እንንቀዋለን። ግን የትኛው ድርሰታችን ነው አንዲትን እናት ከማቅ የሚያድን? እንግዲያው ጓዶች፣ ለሰው ስንጽፍ የመዝገብ ስሙን እንጠይቅ፤ የቦታውን ስም ከላከው ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል እንገልብጥ እንጂ በጆሯችን አንመን፤ የላኪውን አድራሻ አንርሳ። ጽፈን ስንጨርስም ለባለቤቱ ጮክ ብለን እናንብብለት፤ የልጁን ስም የሚያውቀው እሱ ነውና።