አይቼ፣ ወድጄ

ገላባት፣ ጥር 14 ቀን 2012

ጥምቀትን ጎንደር አክብሬ በሦስተኛው ቀን መተማ ደረስኩ። አፄ ዮሐንስ በ1881 የወደቁበት አገር ዛሬ የሰሊጥ ጆንያ፣ የምንዛሪና የባጃጅ አገር ነው። ትንሿን ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ ገላባት ስገባ የመኪናው ስም ሁሉ ተቀየረብኝ። ባጃጁ ረክሻ ሆነ፣ ሂሉክስ ፒካፑ ቦክስ፣ ላንድክሩዘር ፒካፑ ደግሞ በቀድሞዋ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም ታትሸር።

ያመጣኝ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የአክስቴ ባል ገዳሪፍ ከከተሙ ብዙ ዓመታቸው ነው። በጥር መባቻ ከሰላ ከሚገኝ አንድ መኪና መሸጫ ያገለገለች አምጃድ ገዙ። አምጃድ እዚህ አገር ሰውም ዕቃም የምትጭን ትንሽ መኪና ናት፣ ብዙ ቤተሰብ በእሷ ያድራል። ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መኪናዋ ውሃ ትጠጣለች። በየሃያ ኪሎ ሜትሩ ቆሜ ራዲያተር ስሞላ ነበር።» ለሻጩ ነግረውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በሦስተኛው ቀን ደውለው ነግረውታል። «አይተህ፣ ነድተህ ነው የገዛኸው» ብሎ ዘጋባቸው። እኔም እንዳያስነሷት ለምኜ ጓዜን ሸከፍኩ።

ይህን ያህል መንገድ ያስመጣኝ የራሴ ቁስል ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ካንድ ሻጭ ያገለገለች ቪትዝ ገዛሁ። ቀለሟ ያበራል፣ የወንበሯ ልብስ አዲስ ነው። በሁለተኛው ወር ሞተሯ ይግል ጀመር። ዝም አልኩ። ሻጩን ሄጄ መጨቅጨቅ አሳፈረኝ። ጋራዥ ወስጄ አሠራሁ፣ ደግሞ ጋለች፣ ደግሞ አሠራሁ። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ስሄድ ሰውዬው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ለሻጩ መቼ ነገርከው?» ብሎ ነው። አልነገርኩትም። ቀጥሎ «ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ የከፈልከው ነው?» አለኝ። አልነበረም። ለታክስ ሲባል ዝቅ ተደርጎ ተጽፏል፣ እኔም ፈርሜበታለሁ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈና እንዳነበው ጠበቀኝ። «ገዢ መኪናውን አይቼ፣ ፈትሼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» ይላል።

ያን መስመር ስፈርም አላነበብኩትም። ከአሥር ሰው ዘጠኙ እንደማያነበው እርግጠኛ ነኝ።

ገዳሪፍ፣ ጥር 16

ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ሜዳ ነው። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ቆሟል፤ ከተማው ሲቃረብ ትልቁ የእህል ሲሎ ከሩቅ ይታያል። ነዳጅ ማደያው ላይ የመኪና ሰልፍ መንገዱን ዞሮ ጠፍቷል። የአክስቴ ቤት ደርሼ እግሬን ሳልታጠብ ቡና ተፈላ። ጋሼ፣ የአክስቴ ባል፣ ከስተዋል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ ሁሉ ኡስታ የሚላቸው ሽማግሌ ሱዳናዊ መካኒክ መጡ። በሌሊት የመጡት ሆን ብለው ነው። የጋለ ሞተር በሽታውን ይደብቃል፣ ሌሊቱን ያደረ ግን ሁሉን ያወጣል አሉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው አሳዩን። ውስጡ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ወፍራም አረፋ ተለጥፏል፤ ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል ማለት ነው። የዘይት መለኪያውን መዘው በጣታቸው መሐል አሹት። ከልክ በላይ ወፍራም ነው። «ይህ ለድምፁ ነው» አሉ፤ የሚያንኳኳ ሞተር በወፍራም ዘይት ለጥቂት ቀን ዝም ይላል። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው የኋላውን ጎን ዳበሱ። አንድ ቦታ ላይ ማግኔቱ አልይዝ ብሎ ወደቀ። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው ያለው፣ ቆርቆሮ የለም።

መጨረሻ ላይ ራዲያተሩን ከፍተው ጣታቸውን አንገቱ ውስጥ ሰደዱ። ሲያወጡት ቡናማ ደቃቅ ነገር ይዞ ወጣ። የሚያፈስ ራዲያተር ለጊዜው የሚደፍን ዱቄት ነው። ጋሼ ገና ሲያዩት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሳቸው እንደዚህ ያለ ነገር ገዝተው አያውቁም። ስለዚህ ዱቄቱን የጨመረው ከሽያጩ በፊት ያፈሰሰውን ያየ ሰው ነው። ከመኪናዋ ጉድለት ሁሉ ይቺ አንዲት ቁንጥር ዱቄት ከበደችኝ። መኪና ያረጃል፣ ማንም ሻጭ ሞተር ውስጥ ገብቶ አያድርም። አውቆ ደፍኖ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስለ ሕጉ ስናወራ አመሸን። በእኛ አገር ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ የገዛ ሰው በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ለሥራ የገዛ ግን፣ እንደ ጋሼ ያለው፣ ሸማች አይባልም። እሱ የሚሄደው ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢውም ጉድለቱን እንዳየ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፣ ካስታወቀ በኋላ ክስ ለመመሥረት አንድ ዓመት አለው። «አይቼ ወድጄ» የሚለው መስመርም ሻጩን አውቆ ከደበቀው ጉድለት አያድነውም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ቪትዟን በርካሽ ከሸጥኳት በኋላ ነው። ስሸጣት ግን ሞተሯ እንደሚግል ለገዢው ነግሬ፣ ውሉ ላይም አስጽፌዋለሁ።

ኡስታ ጸጥ ብለው ሲሰሙ ቆዩና ስለ ነቢዩ የሚነገረውን ታሪክ አወሩልን። በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢሰዱ ከላይ ደረቅ የሆነው እህል ከታች ረጥቦ አገኙት፤ ባለ እህሉ ዝናብ መታው ቢል፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ገሠጹት። የማሽላ አገር በሆነው ገዳሪፍ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም።

አንድ ነገር ደግሞ ገረመኝ። ሱዳኖች የመኪና ገበያውን ዲላላ ይሉታል። የእኛ ደላላ ከዚያው ከዐረብኛ የመጣ ነው። የዐረብኛው ሥር ማሳየት፣ መምራት ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ደለለ ስንል አባብሎ አታለለ ማለታችን ነው።

ከሰላ፣ ጥር 18

ኡስታ መኪናዋን ማስነሳት ከልክለው ስለነበር ደፋር በሚሉት የጭነት መኪና ላይ ጭነናት ሌሊት ተነሣን። ኡስታም አብረውን ናቸው። መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእኛ ተከዜ እዚህ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ይገናኛል። የታካ ተራሮች ከሜዳው ላይ ድንገት ብቅ ሲሉ ጋሼ «ደረስን» አሉ። ለስላሳ፣ ክብ፣ ዕርቃናቸውን የቆሙ ድንጋዮች ናቸው። መረብ፣ በዚህ ስሙ ጋሽ፣ በዚህ ወር አሸዋ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሻጩ አይደለም። ውል ወደሚያጸድቁ አንድ ጠበቃ ቢሮ ገባን። ጠበቃው የጋሼን ውል በጥንቃቄ አነበቡ። እዚያም ያው መስመር አለ፦ ገዢ መኪናዋን አሁን ባለችበት ሁኔታ አይቶ ተቀብሏል። ጋሼ ዐረብኛ አሳምረው ይናገራሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም። ውሉን ያነበበላቸው የሻጩ ሲምሳር፣ ደላላው ነበር፤ መስመሩንም ዘልሎታል። በሁለት ቋንቋ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀምጦ ሳይ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ።

ጠበቃው እንዳስረዱን በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የሱዳን የፍትሐ ብሔር ግብይቶች ሕግ ከሸሪዓ የወሰደው «ኺያረል ዐይብ» የሚባል መብት አለ፤ በነውር ምክንያት የመምረጥ መብት ማለት ነው። ነውሩ ከርክክቡ በፊት የነበረ፣ ድብቅ፣ ገዢውም ያላወቀው ከሆነ ዕቃውን መመለስ ይችላል። ቀጥለው ጋሼን ትክ ብለው አዩና ጠየቁ፦ «ካወቁ በኋላ ነድተዋታል?» ገዢ ነውሩን ካወቀ በኋላ እንደ ባለቤት ሲገለገልበት ከቆየ ወዶታል ይባላልና መብቱ ይወድቃል። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። አልነዷትም። በሦስተኛው ቀን የደወሉበት ሰዓትም ስልካቸው ላይ አለ። ጠበቃው ማስጠንቀቂያውን ሲጽፉ ከሁሉ በፊት ያሰፈሩት ያን ቀን ነው።

ሻጩ ወጣት ነው። ወረቀቱን አንብቦ፣ ኡስታ በፌስታል የያዙትን ዱቄት አይቶ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ መኪናዋን መልሶ እንደሚወስድ፣ ገንዘቡን ግን ከሁለት ወር በኋላ በሚመነዘር ቼክ እንደሚሰጥ ነገረን። ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉ። ይህን ያደረጉት በምክንያት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኤል ፋሺር ውስጥ ሱቅ አል መዋሲር በተባለው ገበያ ነጋዴዎች የሕዝቡን መኪና ከዋጋው በላይ እየገዙ ወደፊት የሚመነዘር ቼክ ይሰጡ ነበር፤ ገበያው ሲፈርስ ስንቱ ቤት አብሮ ፈረሰ፣ ለተቃውሞ የወጡ ሰዎችም ተገደሉ። ደረቅ ቼክ የጻፈ ሰው በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው የሱዳን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 179 ይጠየቃል፣ ዕዳውን እስኪከፍልም ሊታሰር ይችላል። «የሰው ልጅ ታስሮልኝ ምን እበላለሁ?» አሉ ጋሼ። «መኪናዬን ሥራልኝ። የሞተሩ ቴስታታ እዚህ ይፈታ፣ አብረን እንየው።»

ጠበቃው ስምምነቱን ጻፉ። የሞተሩ ሥራና ዕቃው በሻጩ፣ በአሥር ቀን ካልተሠራች ሙሉው ገንዘብ በጥሬው ይመለሳል፤ የተጻፈውም ጋሼ በእርግጥ የከፈሉት ዋጋ ነው። እኔ ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱ መስመር ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ጠየቅኩ። ጠበቃው ቅር ሳይላቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ከሰዓት በኋላ፣ ከመሸጫው ጀርባ ባለው ጋራዥ፣ ቴስታታው ወረደ። ጥላው ሥር አንዲት ያገራችን ልጅ ጀበናዋን አቅርባ ዝንጅብል የበዛበት ቡና ትቀዳለች። ኡስታ ቴስታታውን ሽቅብ አዙረው በቤንዚን አጠቡት፣ የብረት ማስመሪያ አግድም አስቀመጡበትና ከወዲያ በኩል የእጅ ባትሪ አበሩ። በማስመሪያውና በብረቱ መካከል ቀጭን ብርሃን አለፈ። ቴስታታው ተጣሟል። ጋሼ አጎንብሰው አዩ፣ እኔም አየሁ። ሻጩ ጥቂት ካመነታ በኋላ ጉልበቱን መሬት ላይ አድርጎ ዓይኑን ከብረቱ ትክክል አመጣ።