ወደ ጎፋ ስንሰናዳ

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ክረምቱ ያረሰረሰው ተራራ ተንዶ ከ200 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት አካፋና ዶማ ይዘው፣ አንዳንዱም ባዶ እጁን የደረሱት ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ መቀበራቸው ነው።

እኛም ወደ ሳውላ ለመሄድ ጓዛችንን ስናሰናዳ ይህ ነገር ከልባችን አልጠፋም። ስለዚህ ከዕቃው አስቀድመን ቃል ተገባባን፤ የአገሩ ሰው «ከዚህ አትለፉ» ካለን አንድ እርምጃ አናልፍም።

ከዚያ ወደ ስንቁ ዞርን። በሐዘንተኛ እጅ የሚበላ እንግዳ ሸክም እንጂ ረዳት አይደለም። ፍልሰታም እየቀረበ ነበርና በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ጨው በየራሳችን ቋጠርን። ጋቢ ዝናብ ከጠጣ አያነሡት ነገር ይሆናል፤ በላስቲክ ጠቀለልነው። ቦቲ ጫማ፣ ገመድ፣ የእጅ ባትሪና ሳሙናም ታከሉ።

ከየቤቱ የመጣውን ልብስ ግን አንድ በአንድ ዘርግተን አየን፤ የተቀደደውን፣ ተረከዙ የረዘመውንም ጫማ (እርሱም አልጠፋም!) መለስን። ቤቱ ከነቤተሰቡ ለተቀበረበት ሰው እኛ የጣልነውን መላክ ምጽዋት ነውን?

በመጨረሻ አንዲት እናት አንድ ጣቃ አቡጀዲ አምጥተው ከጓዙ ላይ አኖሩ። ለምን እንደ ሆነ የጠየቃቸው የለም።